የአንጓች ሞያ

የእትየ አንጓችን መሞት የሰማሁት በስልክ ከተላከልኝ ድምፅ ነው። የላከችው ልጇ ሙና ናት። ሙና ሱዳን ተወልዳ ሱዳን ያደገች በመሆኗ ሲጨንቃት ዐረብኛው ይቀድማታል። «ዩማ ኸላስ» አለች፤ ቀጥላም «እናቴ አለቀች» አለች። ከዚያ በኋላ መቅረጹን ማቆም ረስታ ይመስለኛል፣ ለጥቂት ጊዜ የሚሰማው የሚወርድ ውሃ ብቻ ነበር። ከተበሳሳ ቱቦ ወደ ገንዳ የሚወርድ ውሃ ነው፤ የትም ብሰማው ዐውቀዋለሁ። ባለቤቷ ዐርፋ ውሃዋ ገና ይዞራል።

ገዳሪፍ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ በማግስቱ በአውቶቡስ እሷ ወደኖረችበት ከተማ ወደ ወድ ኤል ሒለው ሄድሁ። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ስለ ሟች አንድ ደግ ነገር መናገር አለበትና መንገዱን ሁሉ ምን እንደምል ሳስብ ነበር። ደግ ነገር ሞልቷት ሳለ በሐሳቤ የሚመጣው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እትየ አንጓች ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ከእንግዶች ፊት፣ ከገንዳው አጠገብ ፈገግ ብላ ስትቆም። ያን ፈገግታ ባላየሁት ኖሮ እላለሁ። ሰው ሲያፍር ማየት ያሳፍራል። ማፈሩን ሲደብቅ ማየት ግን ይብሳል፤ አብሮ መደበቅ ግድ ይሆናልና።

አስቀድሜ አንድ ቃል ላስተካክል። በእኛ አገር ሞያ ማለት የሴት እጅ ነው፤ ወጥ አሠራሯ፣ ፈትሏ፣ ቤት አያያዟ። «ሞያ በልብ ነው» ይባላል፤ ሠርተሽ አታውሪ ለማለት። በሱዳን ዐረብኛ ደግሞ ሞያ ማለት ውሃ ነው። በዚህ በድንበሩ ግድም የሚኖር ሰው ሁለቱንም በአንድ አፍ ይዞ ይኖራል፤ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ከነገሩ ነው የሚለየው። እትየ አንጓች በዚህ ቃል መጫወት ትወድ ነበር። ሥራሽ ምንድን ነው ያላት ሁሉ «ሞያዬ ሞያ ነው» የሚል መልስ ያገኛል። ሐበሻው የመሰለውን ይዞ ይሄዳል፣ ሱዳናዊው የመሰለውን ይዞ ይሄዳል፤ እሷ ግን እንደ ሱዳን ሴቶች በተከናነበችው ቶብ ጫፍ አፏን ሸፍና ትስቃለች። የፊት ጥርሷ አንዱ ወልቆ ስለነበር አፏን ሳትሸፍን ስቃ አታውቅም።

ሥራዋ ዓሣ ማስፈልፈል ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ ከፍ ባለ ደረቅ መሬት ላይ፣ አንድ የርዳታ ድርጅት ሠርቶት የሄደ ማስፈልፈያ አለ። ድርጅቱ ሲሄድ እኔም ለነበርሁበት ለስደተኛ ሴቶች ማኅበር ተላለፈ፤ አለቃችን እሷ ሆነች። ቤቷም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ዓሦቹ ተፈልፍለው የጣት ቁመት ሲደርሱ፣ ከዶካና ከዚያም ወዲህ የዝናብ ውሃ የሚያቁሩ ገበሬዎች መጥተው በበርሜል ይወስዷቸዋል። የማኅበሩ ሴቶች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ከዚያ በሚገኘው ነበር።

ወንዙ ቅርብ ነው፤ ውሃው ግን ሩቅ ነው። ሽቅብ ለመሳብ ናፍጣ ያስፈልጋል፤ ናፍጣ ደግሞ አንዳንዴ አለ፣ ብዙውን ጊዜ ማፊ ነው። ስለዚህ አንዴ የወጣውን ውሃ መልሰን መላልሰን እንጠቀምበታለን። ጫጩት የምንላቸው ትንንሾቹ ዓሦች ካሉበት ክብ ገንዳ ግርጌ ውሃው ወጥቶ ወደ ማዝቀጫው በርሜል ይሄዳል፤ ኩሳቸውና የተረፈው መኖ እዚያ ይቀራል። ከዚያ ወደ ሁለተኛው በርሜል ይገባል። ይህኛው በለስላሳ መጠጥ ክዳን የተሞላ ነው፤ ክዳኑን ከሻይ ቤቱ ሁሉ እየዞርን የለቀምነው ራሳችን ነን። በክዳኖቹ ላይ ቡናማና አረንጓዴ ልጋግ ይበቅላል። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ያ ልጋግ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ከዓሦቹ ሽንት የሚመጣውን መርዝ እየበላ ይኖራል። የጠራው ውሃ በፀሐይ ኃይል በምትሠራ ትንሽ ፓምፕ ወደ ላይ ይወጣና በተበሳሳው ቱቦ በኩል፣ አየር እየጠጣ፣ ተመልሶ ገንዳው ላይ ይወርዳል። ልጋጉ እስኪበቅል ሳምንታት ይፈጃል። ከገዳሪፍ መጥቶ ያስተማረን ሱዳናዊ ባለሙያ ሌላውን ሁሉ እንደ ቀልድ ነግሮን፣ አንዱን ግን አስምሎን ነው የሄደው፦ ይህን በርሜል አትጠቡ።

እትየ አንጓች ትምህርቱን በራሷ መንገድ ያዘችው። በርሜሉን «አራሷ» አለቻት። አራስ ናት፣ አትንኳት፣ ፀሐይ አይምታት፣ ደጇ ላይ አትጩሁ እያለች ጆንያ አለበሰቻት። ማኅበርተኞቹም ለመድነው፤ «አራሷ እንዴት አደረች?» መባባል የጠዋት ሰላምታችን ሆነ።

ገንዳው ክዳን ነበረው። እሷ ያንን ክዳን እንዲሁ አታነሣውም። አስቀድማ የገንዳውን ጠርዝ በቀለበቷ ቀጨል ታደርግና «ቤቶች!» ትላለች፣ የሰው ደጅ እንደሚጠራ። ትንሽ ትጠብቃለች። ከዚያ ታነሣዋለች። አንድ ቀን አንዷ ሴት፣ ግቢ እንዲሉሽ ነው ወይ የምትጠብቂ ብላ ብትቀልድባት፣ ሳይጠሩ መግባት ነውር እንደሆነ፣ ዓሣም ቢሆን ባለቤት እንደሆነ፣ የደነገጠ ዓሣ መኖ እንደማይቀምስ በቁም ነገር አስረዳቻት። እውነት ነበር፤ ቅጭልታዋን ሲሰሙ መበተን ትተው መሰብሰብ ለምደው ነበር።

እኔን «ተማሪት» ትለኛለች። ፊደል የቆጠርሁት ለአካለ መጠን ደርሼ፣ ከልጆች ኋላ ተቀምጬ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ ከእጄ አልጠፋም። በማስፈልፈያው ሥራዬ ውሃ መመርመር ነበር። በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቀድቼ መድኃኒቱን ጠብ አደርግበታለሁ። ቢጫ እንደሆነ ከቀረ ሰላም ነው፤ ወደ አረንጓዴ ከሄደ መርዙ ተጠራቅሟል ማለት ነው። እሷ ውሃውን በጣቷ አሽታ፣ አሽትታ፣ ከእኔ አስቀድማ ፍርድ ትሰጣለች። አንዳንዴ ትሳሳታለች። ስትሳሳት ጉንፋን ይዞኛል ትላለች።

ውሃ ቀድተው የሚያልፉ ሰዎች «እጣቢ አጠጪዎቹ» ይሉን ነበር። ዓሣችሁ የራሱን እጣቢ እየጠጣ አደገ፣ እኛን ልታበሉን ነው እያሉ ይቀልዱብናል። ለእነሱ መልስ አታጣም፤ ወንዙ ዳር ማን ምን እንደሚያጥብ ብታዩ ሻይም አትጠጡ ትላቸዋለች። ስድቡ ግን ከሁላችን ይልቅ የሚወጋው እሷን ነበር። ንጹሕ ሴት ናት፤ ከንጽሕናም ያለፈ ነው። የደጇን ድንጋዮች ኖራ ትቀባለች፣ ግቢውን ውሃ ረጭታ ትጠርጋለች፣ ድመቷ እንኳ እግሯን ሳትጠርግ የምትገባ አይመስለኝም። በዚያ ግቢ ውስጥ ከአንድ በርሜል በቀር ያላጠበችው ነገር አልነበረም። አንድ ጊዜ፣ ስድብ ሰምታ በገባችበት ቀን፣ ከቱቦው የሚወርደውን እያየች «ውሃ ሳያፍር ይመለሳል፤ የሚያፍር ሰው ነው» ስትል ሰምቻታለሁ። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው።

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በነበረው በጋ ሙና ዶካ ጫጩት ለማድረስ ሄዳ ከመተማ ለሥራ ከመጣ መካኒክ ጋር ተዋወቀች። ነገሩ ተገፋና የልጁ ወገኖች ሽማግሌ እንደሚልኩ አስታወቁ፤ በገላባት ተሻግረው፣ ገዳሪፍ አድረው እንደሚመጡ። በእትየ አንጓች ላይ የዚያን ጊዜ ያየሁትን ደስታ እኔ ዳግም በሰው ላይ አላየሁትም። ፍርሃቷም እንዲሁ። ከአገሯ የወጣችው በራቡ ዘመን፣ በልጅነቷ፣ የእናቷን እጅ ይዛ ነው። አገሯን የምታስታውሳት እንደ አማት ዓይን ነበር፤ ሳታያት እንኳ የምትታዘባት።

ለሙና ትምህርት ተጀመረ። ኸላስ አትበይ። ማፊ አትበይ። ሽማግሌ ሲናገር ዓይንሽን ጣይ። ቶብ ተወግዶ የሐበሻ ቀሚስ ተሰፋ። ሙና መጀመሪያ እየሳቀች፣ በኋላ ዝም እያለች ታዘዘች።

ሽማግሌዎቹ ሊገቡ ሲሉ ግቢው ሁሉ ታጥቦ አለቀ። ከዚያ እትየ አንጓች ከአራሷ ፊት ቆመች። ጆንያውን ገልጣ አየችው። ሁላችንም ምን እንዳሰበች ገባን።

«እትየ፣ አራስ ናት ብለሽ የለም?» አልኋት።

«ዐውቃለሁ» አለች። «አንቺ ካነበብሽው እኔ የኖርሁት አያንስም። ግን አገሬ እስከ ደጄ መጥቶ ይህን ሊያይ ነው? ልጃችንን ከእጣቢ ቤት አጋባን እንዲሉ?»

ጆንያ ይሸፍነው የለም ወይ አልናት። ሽታው አለች። ሽታው የአፈር ሽታ ነው አልናት። የአፈር ሽታ ለሚያውቀው ነው አለች። ለአንድ ጊዜ ነው፣ እንግዶቹ ሲሄዱ እንደ ነበረ ይሆናል አለች። እንደማይሆን ከእኔ ይልቅ የምታውቅ እሷ ነበረች። ልከኛውን ለመናገር፣ አላወቀችም የሚላትን ሰው እስከ ዛሬ እቃወማለሁ። ዐውቃ ነው ያደረገችው፤ ካወቀችው ነገር ይልቅ «ምን ይሉኛል» በረታባት።

ክዳኖቹ በሰሌን ላይ ተገለበጡ። በረኪና መጣ፣ ብሩሽ መጣ። ሁላችንም ጎንበስ ብለን ፈተግን። ልጋጉ እየተላቀቀ ሲሄድ ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው ክዳን በፀሐይዋ እንደ ዶቃ አንጸባረቀ፤ እኔም ሲያምር ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም። ሙና እናቷን ቆማ ስታይ ቆይታ፣

«ዩማ፣ እኔንስ መቼ ነው በበረኪና የምታጥቢኝ?» አለች።

የእናቲቱ ብሩሽ ቆመ። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «አንቺን ለማጠብማ ዘግይቻለሁ» አለች።

ሴቶቹ ሳቅን። ሙና አልሳቀችም። ገና ካልታጠበው ክዳን አንድ ባልዲ ሙሉ ዝቃ በመጸዳጃው በኩል ሄደች። ልትደፋው መስሎን ማንም አልጠራትም።

እንግዶቹ ከሰዓት በኋላ ገቡ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ አፈ ጉባኤያቸው አያ ፈንታ የሚባሉ ረጅም፣ ከዘራ የያዙ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። እትየ አንጓች ግቢውን አዞረቻቸው። ማጠራቀሚያው ይኸ ነው፣ ፓምፑ ይኸ ነው፣ ማጥሪያው ይኸ ነው አለች፤ ማጥሪያው እንደ ሙሽራ ጌጥ ያበራል። ከሽማግሌዎቹ ወጣቱ፣ ፋብሪካ ነው እኮ፣ እኛ ኩሬ መስሎን ነበር አለ። እትየ አንጓች አፏን ሸፍና ሳቀች። የዚያን ዕለት ዓሦቹ ደህና ነበሩ። የእንግዶቹ ማደሪያ ጎረቤት ተዘጋጅቶ ነበርና የሽምግልናው ነገር ለጠዋት ተቀጠረ።

ጠዋት ከገንዳው አጠገብ፣ በኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ምንጣፍና ወንበር ተደረገ። እሷ ናት ቦታውን የመረጠችው፤ የገንዳው ክዳንም ለእይታ ተነሥቷል። ጫጩቶቹ ለርክክብ የደረሱ ስለነበሩ ገንዳው በዓሣ ጢም ብሎ ሞልቷል። እኔ ገና ስቀርብ አየኋቸው። ከታች ሊሆኑ የሚገባቸው ዓሦች ከላይ ናቸው። አፋቸውን ከውሃው ጫፍ ላይ አድርገው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ብልቃጤን ቀዳሁ፤ ጠብታውን ጨመርሁ። እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነ።

መፍትሔው አስቸጋሪ አልነበረም። ገንዳውን ግማሽ ድረስ ማፍሰስና በናፍጣ ሞተሩ ከወንዙ አዲስ ውሃ መሳብ ነው። ለእንዲህ ያለ ቀን ያስቀመጥነው ናፍጣም ነበረን። ሞተሩ ግን ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ ውሃው በእንግዶቹ እግር ሥር ነው የሚያልፍ። ሽምግልና ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ሆነ ማለቱ አይቀርም። ምን ሆነ ካለ ደግሞ መልሱ ያው እጣቢው ነው።

ሄጄ በእትየ አንጓች ጆሮ ነገርኋት። ብልቃጡን በነጠላዬ ሥር አሳየኋት። አየችው። ፈገግታዋ ከፊቷ አልተነሣም።

«ቆይ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ወጣቱ ሽማግሌ ወደ ገንዳው አዘንብሎ፣ «እነዚህ ዓሦች አፋቸውን ከፍተው የሚያዩን ምን ቢሹ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«እንግዳ ሰላም እያሉ ነው» አለች እትየ አንጓች።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ብልቃጡ በእጄ ነው። አያ ፈንታ ግን ውሃውን ረጅም ጊዜ አይተው ዓይናቸውን ወደ ከዘራቸው መለሱ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነገሩን ጀመሩ። ወግ ከሚፈቅደው በላይ አሳጠሩት ብዬ በሆዴ ታዘብኋቸው፤ የመጣንበትን ታውቁታላችሁ፣ ልጃችሁን ለልጃችን፣ እናንተም እሺ ካላችሁ መንገደኞች ነን አሉ። ከወንበራቸውም ተነሡ።

«ምነው አያ» አለች እትየ አንጓች። «ምኑን አያችሁትና? እህል ሳይቀመስ? ከአገሬ ሰው መጥቶ እንዲህ በቁሙ ይሄዳል?»

ተቀመጡ። ምግብ ቀረበ። ትንሽ ቆይተው አያ ፈንታ እንደገና ሊነሡ ሲሉ ሦስተኛው ሽማግሌ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው፣ ገና ጠጁ መቼ ተቀምሶ አለ። እሷም ቀዳችለት። አያ ፈንታ እንዲነሡ በልቤ እየለመንሁ ነበር፤ እሷ ደግሞ በተነሡ ቁጥር ታስቀምጣቸዋለች። በጨዋ ደንብ እንግዳ ሦስት ጊዜ ሳይለመን አይሄድም፤ እሷም አንዱን ልመና አላጎደለችም። በመካከሉ ዓሦቹ አፋቸውን ከመክፈትና ከመዝጋት መክፈት ብቻ ወደሆነ ነገር እየሄዱ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ሦስተኛው ሽማግሌ ወደ ሙና ዞሮ፣ «ለመሆኑ ልጃችን ሞያ አላት ወይ?» ያለው።

ሙና ከመጡ ጀምሮ ዓይኗን ጥላ፣ አንድ የዐረብኛ ቃል ሳይወጣት ቆይታ ነበር። ዓይኗን የጣለችው ግን ወደ ገንዳው ነው። ቀና አለች።

«ሞያ ማፊ፣ አባቴ» አለች። «ሞያው ሞቷል።»

ሽማግሌው የሰማው ሞያ የለኝም፣ ሞያዬ ሞቷል የሚል ነው። እኛ የሰማነው ውሃ የለም፣ ውሃው ሞቷል የሚል ነው። እትየ አንጓች ከሁሉ ቀድማ ተናገረች።

«ትቀልዳለች፤ ሞያ በልብ ነው ማለቷ ነው» አለች።

ሽማግሌው በጣም ደስ አለው። እንዲህ ያለች ትሑት ልጅ በዚህ ዘመን አለች ወይ ብሎ መረቃት። ሌላ ምርቃት አስከተለ፤ ረጅም ነበር። ሙና በምርቃቱ መካከል ተነሥታ ወደ ቤት ገባች፤ ያንንም አፍራ ነው አሉ።

መኪናቸው ከግቢው ወጥቶ ሳይጠመዘዝ ሞተሩን አስነሣን። ዘግይተናል። ገንዳው ነጭ ሆኗል፤ ሆዳቸው ነው። እትየ አንጓች በነጭ ቀሚሷ እንዳለች ገንዳው ውስጥ ገባች። በመረብ አልነበረም፤ በእጇ እየሰበሰበች በቀሚሷ እቅፍ ታደርጋቸዋለች። የማኅበሩ ሴቶች አንድ በአንድ መጥተው ከበቡ። የሁላቸውም የበጋ ተስፋ ያ ገንዳ ነበር። አንዷ ወንዙ ተመርዞ ይሆናል አለች፤ ሰበብ ልትሰጣት ብላ ነው።

«ወንዙ አይደለም፣ ናፍጣም አይደለም» አለች እትየ አንጓች። «እኔ ነኝ። ዐፍሬ ነው የገደልኋቸው።»

ማንም አልተቆጣትም። አይዞሽ፣ ዓሣ ነው፣ ልጅሽ እንኳን ታጨችልሽ አሏት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ገበሬዎቹ በርሜል ጭነው ሲመጡ ከበሩ ላይ ቆማ ለእያንዳንዱ ያንኑ ቃል ነገረችው፤ አፏን ሳትሸፍን። የወለቀ ጥርሷን በፀሐይ ብርሃን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሙና ባልዲዋን ያወጣችው ገንዳው ከተጠረገ በኋላ ነበር። ከመጸዳጃው ጀርባ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሳ፣ ውሃ እየለዋወጠች አስቀምጣዋለች። ክዳኖቹ ልጋጋቸውን እንደለበሱ ናቸው። ከእናቷ ፊት አኖረችውና «እንቺ አራስሽን» አለች። እትየ አንጓች በሁለት እጇ ተቀበለች። ከታጠቡት ክዳኖች ጋር ቀላቀልነው፤ ልጋጉም ከዚያ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ሁሉን አዳረሰ። የሚቀጥለው ፍልፍል ዳነ፤ የተረፍነው በተደበቀው ቆሻሻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግን «ቤቶች!» ብላ አታውቅም። ክዳኑን ዝም ብላ ታነሣለች፣ ፊቷን ትንሽ ዘወር አድርጋ መኖውን ትበትናለች። ዓሦቹ ይደነግጡ ነበር። አንድ ጊዜ ምነው መጥራቱን ተውሽ አልኋት። «ቤቶች የሚል ሰው ክፉ ይዞ እንደማይመጣ ይታመናል፣ ተማሪት» አለችኝና ሌላ ወሬ ጀመረች።

ሠርጉ ሆነ። ባልየው ወደዚህ መጥቶ ከሙና ጋር ኑሮ ጀመረ። እትየ አንጓች ግን አማቾቿን ለመጠየቅ አንድም ቀን ገላባትን አልተሻገረችም። በተጠራች ቁጥር ጉልበቴን ትላለች፣ ፓምፑን ትላለች፤ ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ መንገዱን ለማለት ቻለች። ምክንያቱን ያወቅሁት በለቅሶው ነው፣ ከሙና። ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን፣ እንዲያው በጨዋታ፣ አያ ፈንታ የየት አገር ሰው ናቸው ብላ አማቿን ጠየቀችው። የሐይቅ ዳር ሰው ናቸው፣ ታንኳ ላይ ነው ያደጉት አላት። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ የቶቧን ጫፍ ወደ ፊቷ ሳበች። በዚህ ጊዜ የሸፈነችው አፏን ብቻ አልነበረም አለችኝ ሙና።

አያ ፈንታ ለለቅሶው መጥተው ነበር። በዚህ ክፉ ጊዜ፣ በዚያ ዕድሜ፣ በገላባት በኩል። ከወንዶቹ ድንኳን ወጥተው ከኒሙ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸውና ውሃ ወሰድሁላቸው። አወቁኝ፤ ብልቃጥ የያዝሽው ልጅ አይደለሽም ወይ አሉኝ። ነጠላው ሥር ያለውን ያየ ሰው የለም ብዬ ነበር የኖርሁት።

«ዓሣ እንዲያ አፉን ሲከፍት ምን ማለቱ እንደሆነ ከልጅነቴ ዐውቃለሁ» አሉ። «ልናገር አልሁ። በልጇ ሽምግልና ፊት፣ ቤትሽ እየሞተ ነው ብዬ እንዴት ላሳፍራት? ቶሎ ልሂድላት ብዬ ተነሣሁ። አስቀመጠችኝ። ደግሜ ተነሣሁ።» ከዘራቸውን በመሬቱ ላይ አዞሩት። «እኔ እንዳላሳፍራት ዝም አልሁ፤ እሷም እንዳታፍር ዝም አለች። ዓሣው በሁለታችን ጨዋነት መካከል አለቀ። አንድ ቀን መተማ ትመጣለች፣ ያን ጊዜ እነግራታለሁ እያልሁ ስጠብቃት ነበር።»

ማየታቸውን ዐውቃ እንደነበር፣ በዚያም ዐፍራ እንዳልመጣች ልነግራቸው ቃል ፈለግሁ፤ መጽሐፍ ያነበበ አፌ አልታዘዘኝም። እኔም ከጨዋዎቹ አንዷ ነበርሁና።

በነጋታው እንግዶች ሳይበተኑ የዓሦቹ መኖ ሰዓት ደረሰ። ሙና የለቅሶ ልብሷን ሳታወልቅ ወጣች። ሁለተኛው በርሜል ጆንያ የለበትም፤ ልጋጉ ለለቀስተኛው ሁሉ ይታያል፣ የአፈር ሽታውም እስከ ድንኳኑ ይደርሳል። የእናቷን ቀለበት አድርጋለች። የገንዳውን ጠርዝ ቀጨል አደረገችና «ቤቶች!» አለች። ትንሽ ጠብቃ ክዳኑን አነሣች። ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ከላይ ተሰበሰቡ።

አያ ፈንታ ከኋላዋ መጥተው ቆመዋል። ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣ ቀስ ብለው፣ «ሰላም እያሉ ነው?» አሏት።

«አይ አያ» አለች ሙና። «ርቧቸው ነው።»

የመኖውን ጣሳም ለእሳቸው ሰጠቻቸው።